ከቅዳሴ በኋላ ማንም ሳያናግረኝ ወደ ባቡሬ

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከአመት በላይ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የኖርኩት ዛሬ ግን እሑድ ማታ ነው ባቡር ውስጥ ነኝ ሆድ ስለባሰኝ ልጻፍ ብዬ ነው። ጀርመን ከመጣሁ 8 ወሬ ነው፣ የነርስ አውስቢልዱንግ (የሙያ ስልጠና) ላይ ነኝ፣ የምኖርበት ከተማ ትንሽ ናት ሀበሻ የሚባል እኔና አንድ ኤርትራዊ ልጅ ብቻ ነን። የኛ ቤተክርስቲያን ያለበት ከተማ በሬጅናል ባቡር 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፣ ዶይቸላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ቲኬት ስላለኝ በሱ እመላለሳለሁ፣ ፈጣኑ ባቡር ላይ ግን ስለማይሰራ ሁለት ቦታ እየቀየርኩ ነው የምሄደው። እሑድ እረፍት የማገኘውም በየሁለት ሳምንቱ ነው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ቅዳሴ የሚቀደሰው ከካቶሊኮች በተከራዩት ቤተክርስቲያን ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይገባል። የእሑድ የመጀመሪያው ባቡር እኔን የሚያደርሰኝ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ወንጌል ተነቦ አልቆ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን አልቆረብኩም፣ ቅዳሴ ከገባ በኋላ ደርሶ መቁረብ የለማ። ከኋላ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ምድር ቤት አዳራሽ ይወርዳል፣ ምግብ አለ ቡና አለ። እና እዛ ጠረጴዛው ሁሉ ባለቤት አለው። አንዱ ጋ ልቀመጥ ስል ሰው አለበት ተባልኩ። ዳቦዬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ በልቼ ወጣሁ። ይሄ አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልልም፣ አሁን ግን አስራ ምናምነኛዬ ነው።

ያናገሩኝ ሰዎች ደሞ እነዚህ ናቸው። አንዲት ነጠላቸው አረንጓዴ ጥለት ያለው እናት "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ፣ ያደግኩት ገርጂ ነው ስላቸው "እሱማ አዲስ አበባ ነው ቤተሰቦችሽ ከየት ናቸው?" ሲሉኝ ደነገጥኩ፣ ይሄ ጥያቄ ባሁኑ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ፎርም የያዘ ወንድም ነው፣ አባልነት በወር 20 ዩሮ፣ ስሜን ሳይጠይቀኝ ኢባኔን (የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን) ጠየቀኝ። ሶስተኛዋ እኩያዬ ትሆናለች፣ እዛው ከተማ ሌላ የኛ ቤተክርስቲያን አለ አሉ፣ "እዛ እንዳትሄጂ" አለችኝ፣ ለምን ስላት "ረጅም ነው ታሪኩ" ብላ ቡናዋን ጠጣች።

አዲስ አበባ 11 አመት ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። ሰው ባያናግረኝም ሁሉን አውቀው ነበር። እዚህ ግን ለሰው እንግዳ ለአገር ባዳ ሆንኩ። ልቀጥል ወይስ ቤቴ ሆኜ ዩቲዩብ ላይ ላስቀድስ? የንስሐ አባቴም አዲስ አበባ ናቸው፣ በዋትስአፕ ነው የምንገናኘው፣ እሱንስ ምን ላርግ?

ባለካልሲው፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔም ጀርመን ነኝ፣ 6 አመቴ። ሌላው ይቆየንና መጀመሪያ ትልቁን ነገር ልንገርሽ፣ ካልሲ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ግዢ። የኛ ሰው ጫማ አውልቆ ይገባል የነሱ ወለል ደሞ ድንጋይ ነው፣ የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ እግሬ ደንዝዞ ልነሳ ስል በግንባሬ ተደፋሁ፣ አጠገቤ ያሉት በተመስጦ የሰገድኩ መስሏቸው "ይበል" ሲሉ ሰማኋቸው 😂

ሁለተኛ፣ አንሜልዱንግ (የአድራሻ ምዝገባ) ስታረጊ ሃይማኖት የሚለው ላይ ምን ብለሽ አስሞላሽ? ካቶሊክ ወይም ኤቫንጌሊሽ (ፕሮቴስታንት) ከሆነ ከደመወዝሽ የቤተክርስቲያን ታክስ ይቆረጣል፣ ከገቢ ግብርሽ ላይ ባየርንና ባደን ቩርተንበርግ 8 ፐርሰንት ሌላው ጋ 9። የኛ ኦርቶዶክስ ውስጡ የለበትም። ወረቀትሽን እዪው፣ ቢሮ ያለችው ሴትዮ "ክርስቲያን" ስትያት የመሰላትን ልትሞላ ትችላለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዳራሹን የተከራዩት በሰዓት ነው፣ ምናልባት 7 ሰዓት ላይ ጠርገው ቁልፍ ማስረከብ አለባቸው። እዛ ያለው ሰው ደሞ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ወይ የሽማግሌዎች ቤት ሲሰራ ከርሞ በሳምንት አንዴ አማርኛ የሚያወራባት ሁለት ሰዓት አለችው፣ እሷን ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው የሚጨርሳት። ጥላቻ አይደለም። ግን ልክ ነሽ ያማል።

ወለተ_ኪዳን፦
እኔ ሚኒሶታ ነኝ 14 አመት ሆነኝ እና ላንቺ ያለኝ አንድ ቃል ነው፣ ወጥ ቤት ግቢ። አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ ሰው እስኪያናግርሽ አትጠብቂ፣ አዳራሹ የእንግዳ ቦታ ነው ማህበረሰቡ ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። እኔ ስመጣ ልክ እንዳንቺ ነበርኩ፣ ልጄ የ2 አመት ናት ባሌ ማታ ነው የሚሰራው፣ አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ወጥ ቤቱ ገባሁና ልርዳችሁ አልኩ። "ተይው እንግዳ ነሽ አረፍ በይ" አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ገባሁ፣ አሁንም "ተይው የኔ ልጅ"። ሶስተኛ ሳምንት ላይ ከቤቴ ቢላና ሽርጥ ይዤ ሄድኩ፣ ምንም አልተናገርኩም፣ ጥግ ላይ ከነበረው የሽንኩርት ጆንያ ፊት ቁጭ ብዬ መላጥ ጀመርኩ። አንዷ አየችኝና "ይቺ ልጅ ሽንኩርት ስትከትፍ እንዴት እንደምትፈጥን እዩ" አለች። አለቀ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሜን የማያውቅ የለም፣ የኪዳነ ምሕረት ማህበር ላይ አስገቡኝ፣ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የማርያም ገንፎ ያገነፉልኝ እነሱ ናቸው፣ እናቴ ቪዛ ተከልክላ ቀርታ።

ስለ ሰዓቱ ደሞ፣ ቅዳሜ ማታ እዛው ከተማ እደሪ። ሰው ቤት። አትፈሪ ጠይቂ።

ዝምተኛው፦
ከወለተ ኪዳን ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ። እኔም ወጥ ቤት ግባ ተብዬ ነው ያበቃልኝ፣ በኔ በኩል ወጥ ቤቱ ሂሳብ መያዝ ነበር። ኤክሰል እችላለሁ ብዬ ተናገርኩ፣ በ6 ወሬ ገንዘብ ያዥ አረጉኝ። በ9ኛው ወር ቦርዱና ካህኑ ተጣሉ፣ ጠቡ ምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አላቅም ግን ደረሰኝ አምጣ የሚለው እኔ ጋ መጣ፣ ደረሰኝ አትስጥ የሚለውም እኔ ጋ መጣ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ወጥቶ ሌላ አዳራሽ ተከራየ፣ ሁለቱም ወገን ለኔ ሰላምታ አቆመ። ሁለት አመት ቤቴ ነው ያስቀደስኩት ከስልክ። አንቺ ዘማሪ ነበርኩ ብለሻል፣ ይሄንን ለማንም እንዳትናገሪ 😅 የመጀመሪያውን አመት አስቀድሺ፣ ጸልዪ፣ ሰው ማን እንደሆነ እዪ። ከዛ ሽንኩርትሽን ላጪ።

ወለተ_ኪዳን፦
ዝምተኛው ወንድሜ ያንተ ሂሳብ ነው የኔ ሽንኩርት ነው። በሽንኩርት የተከሰሰ ሰው አላየሁም።

መንገደኛ፦
ቤተክርስቲያን የሚኬደው ለእግዚአብሔር ነው ለቡና አይደለም። አስቀድሰሽ ቤትሽ ግቢ። ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድነው።

ባለካልሲው፦
@መንገደኛ ሐዋርያት ሥራ 2፥46ን አንብበው፣ በቤታቸውም እንጀራ እየቆረሱ አብረው ይመገቡ ነበር ነው የሚለው። እነሱም ለቡና ነበር በለኛ።

ጋሽ_ቨርጂኒያ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ 30 አመት አልፎኛል፣ "ረጅም ነው ታሪኩ" ያለችሽን ልጅ ታሪክ ባጭሩ ልንገርሽ፣ ሳታውቂው ከገባሽ ትጎጃለሽ። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው። 1983 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ፣ 1984 ላይ አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፣ አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደዱ፣ ከሳቸው ጋር የወጡት አባቶች እዚህ አሜሪካ ስደተኛ የሚባለውን ሲኖዶስ አቆሙ። በዚህ ምክንያት ውጭ ያለው ሕዝብ ሶስት ቦታ ሆነ፣ ያገር ቤቱ፣ ስደተኛው፣ እና ከሁለቱም አይደለንም ያለው ገለልተኛ። ወንድምና እህት በተለያየ ቤተክርስቲያን የሚያስቀድስበት፣ ሰርግ የማይጠራራበት ጊዜ ነበር፣ እኔ ራሴ የገዛ አበልጄን 7 አመት አላናገርኩትም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ላይ እርቁ ወረደ፣ አቡነ መርቆሬዎስም ከስንት አመት በኋላ አገራቸው ገቡ፣ የካቲት 2014 አረፉ። አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሰዎች እንደ ሕጻን ነው ያለቀስነው። ግን አባቶች ታረቁ ማለት አዳራሾቹ ታረቁ ማለት አይደለም። የተገዛ ሕንጻ አለ፣ ሞርጌጅ አለ፣ የቆየ ቂም አለ፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሌላው ዝምተኛው ያነሳው የቦርድ ነገር ነው። አገር ቤት ከ1965 ጀምሮ ቃለ ዓዋዲ የሚባል ደንብ አለ፣ ሰበካ ጉባኤ ይመረጣል ሊቀመንበሩ ግን የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ቤተክርስቲያን ስታቋቁም መንግሥት ጋ የምትመዘገበው እንደ ማንኛውም ኖን ፕሮፊት (ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) ነው፣ ባይሎው (መተዳደሪያ ደንብ) አለ ቦርድ አለ፣ ቦርዱ ካህኑን ይቀጥራል ደመወዝ ይከፍላል ካስፈለገም ያሰናብታል። አባቱን የሚያሰናብት ልጅ እንዴት ያለ ልጅ ነው? ካህኑም ተበደልኩ ይላል፣ ቦርዱም ሕንጻውን በላቤ ገዛሁት ይላል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ፍርድ ቤት የደረሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ ልጄ "እዛ እንዳትሄጂ" ስትባዪ እሺ በያቸውና ዝም በይ። በዚህኛው ሳምንት እዚህ በሌላኛው እዛ ሄደሽ አስቀድሺ፣ ታቦቱ ታቦት ነው፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ "ባቡሬ ያደረሰኝ እዚህ ነው" በዪው።

አዲስ_ገቢ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔ 2010 ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ በቴሌቪዥን አይቸዋለሁ ግን ውጭ ያለው ሰው እንዲህ እንደነበር አላቅም ነበር። ወለተ ኪዳን ሽንኩርቱ አሳቀኝ፣ እኔ ግን ሽንኩርት ስከትፍ ቀስ ነው የምለው 😭 ባለካልሲው ወረቀቴን አየሁት ሃይማኖት የሚለው ባዶ ነው ተመስገን።

ግን ያቺ "ከየት ነሽ" የምትለዋ ነገር አልወጣልህ አለኝ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰው በዘር ሊመዘን ነው እንዴ?

እናትዓለም፦
ልጄ እኔ የምጽፈው የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ድምጽ በሚጽፈው ነው ስህተት ካለው ይቅር በዪኝ። ያንን ጥያቄ የምጠይቅ እኔ ነኝ። ያንቺዋ ሴትዮ አይደለሁም፣ ሌላ አገር ነው ያለሁት፣ ግን ልክ እንደዛ ነው የምጠይቀው፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት ነሽ። ለምን እንደምጠይቅ ልንገርሽ።

ከአገሬ የወጣሁት በ1974 በሱዳን ነው፣ በእግር። ካርቱም ሰው ቤት እየሰራሁ ሁለት አመት ተኩል ተቀመጥኩ፣ ከዛ አውሮፓ ገባሁ። ያኔ እንኳን ቤተክርስቲያን ሀበሻም የለም። በዓል ሲሆን አንዱ ሰው ቤት ስምንት ዘጠኝ ሆነን እንሰበሰባለን፣ አንድ ሽማግሌ ዳዊት ይደግማሉ እኛ አሜን እንላለን። ካህን ከሌላ አገር በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው፣ ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና መነሳት ሲገባት ሰባት ወር ሞልቷት ነው የተነሳችው፣ ቄሱ ሲይዟት ጺማቸውን ስትጎትት ነበር። ደብዳቤ ወዳገር ቤት መጻፍ አይቻልም፣ ቤተሰብ ይጠየቃል ብለን እንፈራለን። እና አዲስ ሰው መጣ ሲባል እንሮጣለን። ከየት ነህ ከየት ነሽ። ምናልባት የኛን ሰፈር ያውቅ ይሆናል፣ ምናልባት በዛ በኩል አልፎ ይሆናል።

በ1981 አንድ ልጅ መጣ፣ ቀጭን፣ ኮቱ የሰው ነው። ከየት ነህ አልኩት። የኛን ወረዳ ጠራ። የማን ልጅ ነህ አልኩት። የአባቱን ስም ሲነግረኝ ቤታቸው ከናቴ ቤት በላይ ነው፣ ወንዙን ተሻግሮ። ዝም አለ። እኔም አወቅኩ። እናቴ ከሞተች ሶስት አመት ሆኗት ነበር። መርዶዬን በዚች ጥያቄ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ዘጠኙም ሰው ስራ ቀርቶ ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ፣ ያ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ነበር የዋለው። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው።

አሁን ጥያቄው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄም ተቆጥታኛለች፣ "እማዬ ሰው እያሸሸሽ ነው" አለችኝ። እውነት ነው እንዳልሽው በጥሩ ልብ የማይጠይቅ አለ፣ ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር አለ፣ በአይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን አፌ ለምዶት ያመልጠኛል። ያቺን ሴትዮ ስታገኚያት "እርስዎስ ከየት ነዎት?" በያት እስኪ። ፊቷን አይተሽ ታውቂያለሽ።

ቆሎ_ተማሪ፦
እማማ እድሜ ይስጥልን 😢

እህቴ የንስሐ አባት ጥያቄሽን ማንም አልመለሰም መሰለኝ። እኔ ዲያቆን ነኝ፣ የተማርኩትን ያህል ልበል። ምክር በስልክ ይሆናል፣ ኑዛዜና ፍትሐት ግን ፊት ለፊት ነው፣ መስቀል መሳለም አለ፣ ቀኖና መቀበል አለ። ላዲስ አበባው አባትሽ ደውዪና "አባቴ ሩቅ ሆንኩ፣ እዚህ አባት ልያዝ ይፍቀዱልኝ" በያቸው። አይቀየሙሽም፣ ደስ ነው የሚላቸው። ሳትሰናበቺ ግን ሌላ አባት እንዳትይዢ ስርዓት አይደለም። እዚህ ያሉት ካህን ብዙ ጊዜ ሳምንቱን ሌላ ስራ ነው የሚሰሩት፣ እኔ የማውቃቸው አንድ ቄስ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳሉ፣ ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አትያዣቸው ያኔ 40 ሰው ነው የሚጎትታቸው። ስልካቸውን ተቀብለሽ በሳምንቱ መሀል ደውዪ።

ለመቁረብ ደሞ 18 ሰዓት መጾም ስላለብሽ ቅዳሜ ማታ እዛ ማደሩ ግድ ነው። እንዴት አድርገሽ ባዶ ሆድሽን ሁለት ባቡር ትቀይሪያለሽ።

ሐና_መካነኢየሱስ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ እንዳትቆጡኝ 🙈 የታክሱን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ መካነ ኢየሱስ ነው ያደግኩት፣ አንሜልዱንግ ላይ ሃይማኖት ስባል በኩራት "ኤቫንጌሊሽ" አልኩ፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ኪርሸንሽቶየር የሚል ተቆርጦ አየሁ፣ አስራት ሳልሰጥ መንግሥት ሰጠልኝ። ብዙ ጓደኞቼ ፍርድ ቤት ሄደው 30 ዩሮ ከፍለው ወጥተዋል፣ እኔ ግን ሳስበው የነሱ ቤተክርስቲያን ለኛ ሕብረት አዳራሽ ያለኪራይ ነው የሚሰጠን፣ ተውኩት ይቆረጥ።

አንዳንዴ የጀርመኖቹን አምልኮ እሄዳለሁ፣ 20 ሰው ነው የምንሆነው ከኔ በቀር ትንሹ 70 ይሆነዋል፣ ግን አንዲት ሴትዮ አለች ሁሌ ኬክ ጠቅልላ ትሰጠኛለች። የኛ ሰዎች ጋ ደሞ ሰው የተዋወቅኩት እሑድ ሳይሆን ሐሙስ ማታ የቤት ሕብረት ላይ ነው፣ ሰባት ሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ መደበቅ አይቻልም። እናንተም ጽዋ ማህበር ምናምን አላችሁ አይደል? እሱን ያዢ፣ ከ200 ሰው 12 ሰው ይሻላል።

አበሻ_ስኮትላንድ፦
አንቺ ቤተክርስቲያን በማግኘትሽ ተመስገን በዪ። እኔ ያለሁበት የኛ የለም፣ ግብጾች ጋር ነው የማስቀድሰው 4 አመቴ። እህት ቤተክርስቲያን ስለሆኑ እቆርባለሁ። ግማሹ አረብኛ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ኮፕቲክ። ገና አብረን ነው የምናከብረው፣ ፍልሰታም አብረን ነው የምንገባው፣ ግን ከበሮ የለም ወገኖቼ። ከበሮ የለም። ስቅለት ላይ "ኪርያላይሶን" ሲሉ ግን አይኔን ጨፍኜ ሰፈሬ ነኝ። እና ሰዎቹ... የመጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ መጥተው "ሐበሺ?" አሉኝ አዎ ስል እጄን ይዘው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ፉል አቀረቡልኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ወንበሬ ናት። የባዳ ሰው አንዳንዴ ይቀላል፣ ከባዳ ምንም ስለማትጠብቂ ይመስለኛል። ከራስሽ ሰው ስትጠብቂ ነው የሚያምሽ።

ዱባይ_ነኝ፦
እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው። እዚህ ቤተክርስቲያን አለ ተመስገን፣ ድሮ አርብ አርብ ነበር እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ አገሩ እረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዞረ፣ ለኛ ግን እረፍት ማለት ማዳም የፈቀደች ቀን ነው፣ በወር አንዴ ወጣሁ ካልኩ ተሳክቶልኛል። አራት ሆነን ታክሲ ተካፍለን ነው የምንሄደው። እዛ የሚያናግረኝ ጠፍቶ አያውቅም ሁላችንም አንድ ነና፣ ሁሉም አልቃሽ ሁሉም አባባይ። ምግብም ቡናም ባይኖር ግቢው አስፋልት ላይ ተቀምጠን እናወራለን እስኪመሽ።

ሚስጥር_ሪያድ፦
እኔ ያለሁበት ሕጉ ቤተክርስቲያን አይፈቅድም። ሰዎቹ ሲተኙ ኢርፎን ባንድ ጆሮዬ አርጌ እሰማለሁ፣ አንዱን ጆሮ ልጁ ቢያለቅስ እንድሰማ እተወዋለሁ። ነጠላዬ ሻንጣ ውስጥ ነው 3 አመቱ። እህቴ ስትሄጂ ለኔም አስቀድሺልኝ ወለተ ጊዮርጊስ ብለሽ።

አዲስ_ገቢ፦
ወለተ ጊዮርጊስ እሺ። እሺ። እጽፈዋለሁ ስምሽን።

(ከአምስት ሳምንት በኋላ)

አዲስ_ገቢ፦
ምን ደረሰሽ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው።

ከዛ ወዲህ ሶስቴ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፣ ዳቦዬን ቆሜ በላሁ ተመለስኩ፣ ካልሲው ግን ትልቅ ለውጥ ነው ባለካልሲው ተባረክ። ሁለተኛው ላይ ያቺን ባለ አረንጓዴ ጥለት እናት ፈልጌ አጠገባቸው ሄድኩና ልቤ እየመታ "እማማ እርስዎስ ከየት ነዎት?" አልኳቸው። አዩኝ። "እኔን ማን ጠየቀኝ ብለሽ ነው የኔ እናት" አሉኝና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ከዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ደሴ ነገሩኝ፣ ስለ ጦሳ ተራራ፣ ስለ ፒያሳው፣ ስለሞተው ወንድማቸው፣ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ከየት እንደሆንኩ መልሰው ጠየቁኝ አልተቀየምኩም። የናቴን አገር ነገርኳቸው፣ "አላውቀውም" አሉና አዘኑ። በቃ አዘኑ። እናትዓለም ያሉት ገባኝ።

ስለ ባቡሩ ስነግራቸው "ለምን ሶፋዬ ላይ አታድሪም" አሉኝ። እና ኅዳር ጽዮን ዘንድሮ እሑድ ላይ አልነበር የዋለችው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ እሳቸው ቤት አደርኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ቀሰቀሱኝ፣ በጨለማ ሁለታችንም ነጠላ ለብሰን በላዩ ጃኬት ደርበን ትራም ጣቢያ ስንቆም ከጭፈራ ቤት የሚመለሱ ልጆች መናፍስት ያዩ ይመስል ዞር አሉልን 😂 ኪዳን ሲደርስ ነበርኩ። ቆረብኩ። ስለዚህ አልጽፍም። ወለተ ጊዮርጊስ ስምሽን ወረቀት ላይ ጽፌ ለቄሱ ሰጥቻለሁ።

ዕጣኑ ሲበዛ የጭስ አላርሙ ጮኸ ደሞ፣ አንድ ዲያቆን ሮጦ በሩን ከፈተ፣ ሌላው ሰው ምንም ሳይመስለው ቀጠለ፣ የለመዱት ነገር ነው አሉ።

ሁሉም ተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። ፎርሙን ገና አልሞላሁም፣ ኢባን ወንድማችን ሲያየኝ ፈገግ ይላል እኔም ፈገግ እላለሁ። ያቺ ልጅ አሁንም ረጅሙን ታሪክ አልነገረችኝም። ዘማሪ እንደነበርኩ ለማንም አልተናገርኩም (ዝምተኛው 👀)። ግን እማማ ይዘውኝ ወጥ ቤት ገቡና "ይቺ የኔ እንግዳ ናት" አሏቸው፣ ሲኒ ሳጥብ ባቡሬ አመለጠኝ፣ ቤቴ የገባሁት ማታ 5 ሰዓት ነው በፌስታል ሽሮ ይዤ፣ በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ ሞቼ ዋልኩ።

አሁን ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ወር የኛ ምድብ ተራ ነው፣ ጾም ነው፣ የኔ ድርሻ ምስር ወጥ ነው ብለውኛል። 80 ሰው ነው። ከሶስት ሰው በላይ ሰርቼ አላቅም። ምስሩ ስንት ኪሎ ይገዛ?

ወለተ_ኪዳን፦
6 ኪሎ። ሽንኩርቱ 8። ከቅዳሜ ጀምሪ፣ ቢላሽን ከቤት ይዘሽ ሂጂ የቤተክርስቲያን ቢላ አይቆርጥም።

ባለካልሲው፦
6 ኪሎ ለ80 ሰው??? ሌላ ወጥ አይኖርም እንዴ? ጎመን አለ ድንች አለ። 4 ይበቃል።

ጋሽ_ቨርጂኒያ፦
4 ኪሎ ያለው ሰው ከ18 ሰዓት ጾም የወጣ ሀበሻ አይቶ አያውቅም። 7 በዪ።

ዝምተኛው፦
ደረሰኙን ያዢ።